«በሽታ የሚቋቋም» ብለን ስለሸጥንላችሁ ችግኝ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣
ባሕር ዳር

ባለፈው ሳምንት አንድ የፎገራ ደንበኛችን ከነሥሩ የነቀሉትን ቲማቲም በፌስታል ይዘው መጡና ጠረጴዛችን ላይ ዘረገፉት። ሥሩ እንደ መቁጠሪያ ተቋጥሯል። «ይቋቋማል ብላችሁኝ አልነበረም?» አሉን። ብለን ነበር። ጥፋቱም የእኛ ነው፤ የለጠፍነው ወረቀት የትኛውን በሽታ፣ በምን ሁኔታ እንደሚቋቋም አይናገርም ነበር።

ተክል ደም የለውም፤ በሽታ እያሳደደ የሚዞር ነጭ የደም ሕዋስም የለውም። እያንዳንዱ ሕዋስ ራሱን ይጠብቃል። ፈንገስም ሆነ ኔማቶድ (ሥር የሚያቋጥረው ጥቃቅን ትል) ሕዋሱን ለማዘናጋት የራሱን ፕሮቲኖች ወደ ውስጥ ይሰዳል። በሚቋቋም ዝርያ ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ዘብ የሆነ ፕሮቲን ተጣጥፎ ይጠብቃል። አንዳንዱ ዘብ ሌባውን በመልኩ ይለየዋል፤ አንዳንዱ ግን ሌባው የሚነካካውን ዕቃ ነው የሚጠብቀው።

ቀጥሎ የሚሆነው በስንዴ ላይ በደንብ ታውቋል። ኤስአር35 የተባለው ዘብ የግንድ ዋግ (ስንዴን የሚያጠቃ ፈንገስ) የላከውን ፕሮቲን ሲያገኝ ይዘረጋል። አምስት ሆነው ይያያዙና የሕዋሱ ሽፋን ላይ ቀዳዳ ይሠራሉ፤ በዚያ ካልሲየም ይገባል፣ ሕዋሱ ይሞታል። ይህ ቅርጽ የታየው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ራሱን ገድሎ ምን ተጠቀመ ትሉ ይሆናል። ዋግ የሚመገበው ከሕያው ሕዋስ ብቻ ስለሆነ የገባበት ሲሞት በረሃብ ያልቃል።

ስለዚህ በቆጋ መስኖ ስንዴ የምትዘሩ፣ ቅጠሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል የደረቀች ነጥብ ስታዩ ወዲያው መድኃኒት ለመርጨት አትሩጡ። በጣታችሁ ጥረጉት፤ የዋግ ዱቄት ካልወጣ ምናልባት ዘቡ ሥራውን ሠርቶ ይሆናል።

ችግሩ ዘቡ የሚያውቀው አንድን ሌባ መሆኑ ነው። ዲጋሉ የሚባለው ስንዴ ዩጂ99 የተባለውን የግንድ ዋግ ስለሚቋቋም በሰፊው ተዘራ። በ2006 ዓ.ም. ግን በባሌና በአርሲ ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ መጣና ማሳውን አወደመው። የስንዴው ዘብ አልታመመም፣ አልደከመም፤ መጪውን አላወቀውም።

ወደ ፎገራው ቲማቲም እንመለስ። ችግኙ ኤምአይ የሚባል ዘብ አለው፤ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዱር ዘመዱ በማዳቀል የተገኘ ነው። ሥር የሚያቋጥሩትን ዋና ዋናዎቹን ኔማቶዶች ይከላከላል፤ ምች ስለሚባለው የቲማቲም በሽታ ግን ምንም አያውቅም። ደግሞም ሙቀት ያሸንፈዋል፦ አፈሩ ከ28 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ ሲሞቅ ሥራውን ያቆማል። ባዶውን የተተወ ዋልካ በመጋቢት ቀትር ምን ያህል እንደሚግል ባዶ እግሩን የቆመበት ሁሉ ያውቃል። እኛም ይህን እያወቅን አልነገርናችሁም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የሩዝ ገለባ ፎገራ ላይ ሞልቷል፤ ከብቱ ከጨረሰው የተረፈውን በችግኙ ዙሪያ አልብሱት፤ አፈሩ ይቀዘቅዛል። ከቻላችሁ ሙቀቱ ሳይበረታ ትከሉ። ሥር በተቋጠረበት መሬት ላይ ቲማቲም በቲማቲም አትደጋግሙ፤ ያለዚያ በዘቡ የማይታወቅ ኔማቶድ እያረባችሁ ነው።

ከአሁን በኋላ ችግኙ ላይ የምንለጥፈው ወረቀት የበሽታውን ስም ይጠቅሳል፤ ሙቀት የሚያሰጋው ከሆነም ይጻፍበታል። «በሽታ የሚቋቋም» የሚለውን ለብቻው አንጽፍም፤ ሌላ ሻጭ ከጻፈላችሁም «የትኛውን?» ብላችሁ ጠይቁት።

በጥር ወር ቲማቲም የወሰዳችሁና ሥሩ የተቋጠረባችሁ፣ ደረሰኝ ባይኖራችሁም ናሙና ይዛችሁ ኑ፤ ለሚቀጥለው ተከላ በነፃ እንተካላችኋለን። አደራ፣ ሥሩን እዚያው ማሳችሁ ላይ አጥባችሁ፣ ፌስታሉን አስራችሁ አምጡት። ያኔ የተዘረገፈውን አፈር ጠርገን ወለሉን በፈላ ውኃ ስናጥብ ውለናል።

ከአክብሮት ጋር
የችግኝ ጣቢያው ባልደረቦች