ለዳርትማውዝ አውቲንግ ክለብ ወጣቶችና ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ የቀረበ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ አስቀድሞ ልጃችንን ከሞት አፍ አውጥቶ ለቤቱ ላበቃልን ለልዑል እግዚአብሔር ክብርና ምስጋና ይድረሰው። ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ በአሜሪካ በኒው ሃምፕሻየር ክፍለ ግዛት በሙሲላውክ ተራራ ላይ ልጃችን ወድቆ እግሩ በመሰበሩ የደረሰብንን አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት፣ ብዙዎቻችሁም ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ይዛችሁ አብራችሁን ስላደራችሁ፣ መልሼ አልተርከውም፤ ለመተረክም ገና አቅም አላገኘሁም። ልጃችን የተሰበረው እግሩ እየጠገነ ነው፣ በምርኩዝም ደጅ መውጣት ጀምሯል።

ስሟ በአደባባይ እንዳይጠራ አጥብቃ ስለለመነችን ስሟን አልጽፍም፤ እኛ ቤት ግን «ልጃችን» እየተባለች የምትጠራ አንዲት ወጣት አለች። የዳርትማውዝ ኮሌጅ ተማሪና የአውቲንግ ክለቡ፣ ማለትም ተማሪዎች ተራራና ዱር የሚወጡበት ማኅበር፣ አባል ናት። የዚያን ዕለት ተራራውን ወደሚያወጣው ቢቨር ብሩክ የእግር መንገድ የመጣችው ለሽርሽር አልነበረም፤ በፏፏቴው ዳር ባለው ገደላማ ቋጥኝ ላይ በብረት ተቸንክረው የተተከሉትን የእንጨት ደረጃዎች ለመመርመር ከጓደኞቿ ጋር መሣሪያ ተሸክማ ነበር። ከልጄ ጋር የነበሩት ልጆች በድንጋጤ የሚይዙትን የሚጨብጡትን ባጡበት ሰዓት ደረሰች። እርጥብ ካልሲውን አውልቃ የራሷን ደረቅ ካልሲ አጠለቀችለት፤ ጃኬቷን አልብሳው እሷ በሹራብ ቀረች፤ የመሬቱ ቅዝቃዜ እንዳይገባው ቦርሳዋን ባዶ አድርጋ ከሥሩ አነጠፈችለት። ሌሎቹ ስልክ ወደሚሠራበት ቦታ ሲወርዱ እሷ ከአጠገቡ አልተነሣችም።

እርዳታ እስኪደርስ ድረስ እንቅልፍ እንዳይጥለው ስታወራው ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ነፍስ ሲዘራ ምን እያወራችህ ነው ያቆየችህ ብዬ ብጠይቀው፣ «የክለባቸውን ታሪክ» አለኝ። እያንዳንዱን ነገር ነግራው ስታበቃ ዓመቱን መልሳ ትጠይቀዋለች፤ ከተሳሳተ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምርለታለች። ስለዚህም ልጄ ያንን ታሪክ ዛሬ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣዋል፤ እኔም ከእሱ ሰምቼ ጥቂቱን እዚህ እጽፋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1909 መጨረሻ ፍሬድ ሃሪስ የሚባል የቨርሞንት ልጅ፣ ያኔ የዳርትማውዝ ተማሪ፣ በተማሪዎቹ ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ አውጥቶ በበረዶ ላይ መንሸራተትንና መራመድን የሚወዱ ሁሉ ክለብ እንዲመሠርቱ ጠራ። ያ ዘመን ኮሌጁ በሚገኝበት በሃኖቨር ከተማ የበረዶው ወራት ሲመጣ ተማሪው ደጁን ዘግቶ ምድጃ ሥር የሚኮራመትበት ነበር። ጥሪውን የሰሙት ተሰባሰቡ፤ በ1911 ዛሬም ድረስ የሚከበረውን፣ ዊንተር ካርኒቫል የሚባለውን የበረዶ ወራት በዓል ጀመሩ። በ1933 ልጄ በወደቀበት በዚያው ተራራ ላይ የአሜሪካ የመጀመሪያው ብሔራዊ የቁልቁለት የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ተካሄደ። (ይህን ስትነግረው «ሌላ ሰው እየሮጠ የወረደበትን እኔ በአህያ ፍጥነት እየወረድኩ ወደቅሁ» ብሎ እንዳሳቃት ነግሮኛል። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።)

ከሁሉ ይልቅ ደጋግማ የነገረችው በተራራው ጫፍ ላይ የነበረውን ቤት ታሪክ ነው። በ1860 በሙሲላውክ አናት ላይ የተሠራው የእንግዳ ማረፊያ በ1920 ለኮሌጁ በስጦታ ተላልፎ፣ የክለቡ ልጆች መንገደኛ ሲያስተናግዱበት ኖረው፣ በ1942 ተቃጠለ። መሠረቱ ዛሬም ይታያል፤ ልጄና ጓደኞቹ የዚያን ዕለት ምሳቸውን የበሉት በዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ማረፊያው የተቃጠለው መቼ ነው?» ትለዋለች፤ ዓይኑ ሲከደን ትከሻውን ትነቀንቀዋለች፤ «አርባ ሁለት» ሲላት «አሥራ ዘጠኝ መቶውንስ?» ትለዋለች። ይህን በጻፍኩ ቁጥር እንባ እየቀደመኝ ብዕሬን አስቀምጫለሁ። በሹራብ ብቻ፣ በዚያ ብርድ፣ ለማታውቀው የሰው ልጅ!

ኮሌጁ ሴቶችን በመደበኛ ተማሪነት መቀበል የጀመረው በ1972 ነው። ይህንንም ነግራዋለች። እኔ እናቱ ይህን ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጬ ይዤዋለሁ፤ በሩ ተዘግቶባቸው ቢቀር ኖሮ ያን ዕለት በዚያ ደረጃ ላይ እሷ አትገኝም ነበርና። ወደ ክለቡ የገባችው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አንጋፋ ተማሪዎች አዲስ ገቢዎችን ወደ ዱርና ተራራ ይዘው በሚወጡበት ጉዞ ሲሆን፣ ይህ ልማድ ከ1935 ጀምሮ የቆየ ነው። ወላጆቿን በአካል አናውቃቸውም፤ ያሳደጓትን እጆች እግዚአብሔር ይባርክ።

እግሩ ሻል ሲለው ባለቤቴና እኔ ቦታውን ለማየት ሄደን ነበር። በተራራው ሥር ያለውን የክለቡን የእንግዳ ማረፊያ ሎጅ አሳየችን። የመጀመሪያው በ1938 እና በ1939 ሮስ ማኬኒ በሚባል የሜይን ክፍለ ግዛት የጫካ ሰው መሪነት ከግዙፍ የጥድ ግንዶች የተሠራ ሲሆን፣ እሱ ፈርሶ ዛሬ የቆመው በ2017 የተከፈተው ነው። ክለቡ ከጆርጂያ እስከ ሜይን ከሚዘረጋው የአፓላቺያን የእግር መንገድ ውስጥ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን እንደሚንከባከብም ነገረችን፤ የወደቀ ዛፍ መቁረጥ፣ የጎርፍ መውረጃ መጥረግ፣ የበሰበሰ ደረጃ መለወጥ ሁሉ የአባላቱ ሥራ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የተራራ መንገድ እንዲሁ ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር። ልጄ በሕይወት የተገኘው ከመቶ ዓመት በላይ ተማሪ ከተማሪ እየተቀባበለ መጋዝና አካፋ ይዞ ስለሚወጣ እንደሆነ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው፤ በዕድል ብቻ ነው የሚሉኝን ሰዎች ከእንግዲህ አልሰማቸውም።

ቃሬዛውን ስድስት ስድስት እየሆናችሁ፣ እየተፈራረቃችሁ፣ በጨለማ በዚያ ዳጥ ላይ ያወረዳችሁ የክለቡ ወጣቶችና በጎ ፈቃደኞች፣ የኒው ሃምፕሻየር የዓሣና ዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የነፍስ አድን ባልደረቦች፣ የአምቡላንስ ሠራተኞች፣ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈል። በቦስተንና በአካባቢው የምትገኙ ወገኖቻችን፣ የደብራችን ካህናትና ምእመናን፣ የዕድራችን አባላት፣ የልጄ የሥራ ባልደረቦች፣ ከአገር ቤት ስትደውሉ የሰነበታችሁ ዘመዶቻችን፣ ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ያን ሰሞን ቤታችን ማን እንደገባ፣ ድስቱን ማን እንዳመጣ፣ ማን ልጆቹን ከትምህርት ቤት እንዳመላለሰልን ለይቶ ለማወቅ በማንችልበት ድንጋጤ ውስጥ ስለነበርን፣ ስማችሁ ሳይጠራ የቀረ ሁሉ ቅር እንዳትሰኙብን በትሕትና እንለምናለን።

ለአንቺ ለልጃችን፣ ይህን ደብዳቤ ልጄ በእንግሊዝኛ ያነብልሻል። ጃኬትሽ ታጥቦ ተቀምጧል፤ ካልሲው ግን ሆስፒታል ተቆርጦ ስለተጣለ እኔ በእጄ የሠራሁትን ትቀበይኛለሽ። በጸደይ ወደ ደረጃዎቹ ሥራ ስትመለሱ የአንድ ቀን ምሳ የእኛ ነው፤ ዶሮውም ሽሮውም ምስሩም ይኖራል። ስንት ሰው እንደምትሆኑና ሥጋ የማይበላው ማን እንደሆነ ብቻ አስቀድመሽ ላኪብን።

የልጁ እናት፣ ከመላው ቤተሰቡ ጋር
ቦስተን