ባዶውን ቅረጪ ለተባለችው ልጄ

ሆዴ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጎንደርም ደህና ናት፤ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል እንጂ።

የሰጧችሁን የቤት ሥራ ከወንድምሽ ሰማሁ። ከቤት አንድ ዕቃ ምረጡ፣ ዕቃውን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ባዶ ቦታ ቅረጹ ተባላችሁ አሉ። እናትሽ ስትሰማ «ልጄን አዲስ አበባ ድረስ የላክሁት ባዶ እንድትቀርጽ ነው?» ብላ ተቆጣች። እኔ ግን ደስ ነው ያለኝ። ይልቅ የገረመኝ «አባዬ አይገባውም» ብለሽ ለእሱ ብቻ መንገርሽ ነው። ግንበኛ ሆኜ ስለ ባዶ ቦታ የማላውቅ መሰለሽ?

የሥራዬ ግማሹ እኮ ይኸው ነው። ኮለን፣ ማለትም የአርማታ ምሰሶ፣ ስናቆም በመጀመሪያ የምንደክመው ለኮለኑ አይደለም። ጣውላ ገጥመን፣ አስረን፣ ቱንቢ ጥለን ካሳፎርማውን እናቆማለን። አርማታው የሚገባበትን ባዶ ቦታ ሠራን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ማፍሰስ ብቻ ነው። ጣውላው ከጠመመ ኮለኑም ይጠምማል። ጣውላው ሲነሳ የእንጨቱ መስመር ሳይቀር አርማታው ላይ ታትሞ ታገኚዋለሽ። አስተማሪሽ የቤታችሁን ዕቃ ካሳፎርማ አድርጉት ነው ያላችሁ። ሌላ ምንም አይደለም።

ላሊበላንም አስቢ። ቤተ ጊዮርጊስን የሠሩት ሰዎች ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልካቡም። 12 ሜትር ያህል ወደ ታች እየወረዱ ዙሪያውን ያለውን ዓለት አወጡ፣ ገብተውም ውስጡን ፈለፈሉት። የእነሱ ሥራ ማውጣት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ የተረፈው ነው። የእኛው ፋሲል ግንብ ደግሞ በድንጋይና በኖራ ከታች ወደ ላይ የተካበ ነው። አንቺም እሱን እያየሽ ስላደግሽ ቅርጽ ሲባል መካብ ብቻ ቢመስልሽ አይፈረድብሽም።

ወንድምሽ ደግሞ በስልኩ ፈልጎ አንዲት እንግሊዛዊት ቀራጺ አሳየኝ፤ ሬቸል ዋይትሪድ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1993 ለንደን ውስጥ ሊፈርስ የነበረ አንድ መኖሪያ ቤት ወስዳ ከውስጥ በኩል በአርማታ አስረጨችው። አርማታው ሲጠነክር የውጭውን ግድግዳ አስፈረሰችው። የቀረው ክፍሎቹ ራሳቸው ናቸው፣ ጠጣር ሆነው። ውስጥ ገባ ብሎ የነበረው የእሳት ምድጃ ወደ ውጭ አብጦ ወጥቷል፤ መስኮቱም በሩም ተገልብጧል። ፎቶውን ብዙ አየሁት። ሰው ሲገባና ሲወጣበት የኖረ ቦታ አሁን ማንም አይገባበትም። በዚያው ዓመት ተርነር የሚባለውን ሽልማት አገኘች፤ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። ሥራዋ ግን በ1994 መጀመሪያ ላይ ፈረሰ። ያ ሁሉ አርማታ! እንደ ግንበኛ ሆዴን በላኝ። ከእሷ በፊትም ብሩስ ናውማን የሚባል አሜሪካዊ ከወንበሩ ሥር ያለውን ባዶ በአርማታ ቀርጿል። ስለዚህ አስተማሪሽ አላበደም፤ ለእናትሽም ነግሬያታለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ጀበና አስበሻል አሉ። ተይው። አንደኛ፣ ከክፍላችሁ ግማሹ ጀበና ይዞ ነው የሚመጣው፤ ታያለሽ። ሁለተኛ፣ አንገቱ ጠባብ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ጄሶው ከደረቀ በኋላ ካልሰበርሽው አይወጣም። መስበሩስ ይሁን፣ የሚወጣው ምንድን ነው? ድብልብል ነገር። የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ያንን ሆድ ያለ ምንም ማሽን በእጃቸው አበጅተውታል፤ ሙያቸው ሙያ ነው። ግን ውስጡ ቡና ከመፍላቱ በፊትም በኋላም ያው ነው። ኑሮ አልቀየረውም።

እኔ የምልሽ የአያትሽን ሙቀጫ ነው። ጓዳ ጥግ ተጥሎ የምታውቂውን፣ የተሰነጠቀውን። ትናንት አወጣሁትና እጄን ከትቼ ዳሰስሁት። ከአፉ አካባቢ የጠራቢው መጥረቢያ ያረፈባቸው ቦታዎች አሁንም ይቆረቁራሉ። ወደ ታች ስትወርጂ ግን ልስልስ ነው። በአንድ በኩል ደግሞ ጎድጉዷል፤ አያትሽ ግራኝ ነበረች፣ ዘነዘናው ሁልጊዜ ወደዚያ ጎን ያርፍ ነበር። ያንን ጉድጓድ የሠራው ጠራቢው ብቻ አይደለም። ቡናው፣ በርበሬው፣ የእሷ ክንድ ናቸው የቀሩትን የጨረሱት። ጄሶ ሲሞላበት የጎደጎደው ጎን እብጠት ሆኖ ይወጣል። አስተማሪሽ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅሽ የምትነግሪው ነገር አለሽ።

አሠራሩን ልንገርሽ። ስንጥቁን ከውጭ በኩል በጭቃ ድፈኚና ሙቀጫውን በሽቦ ጠፍረሽ እሰሪው። እንጨት ውሃ ይመጥጣል፣ ጄሶም ይይዛል፤ ስለዚህ ውስጡን በደንብ ቫዝሊን ቀቢው። ጄሶውን ውሃው ላይ በትኚ እንጂ ውሃውን ጄሶው ላይ አታፍስሺ፤ ይቋጥርብሻል። ቀስ ብለሽ አማስይ፣ አረፋ አታውጪለት። ሞቅ ያለ ውሃ አትጠቀሚ፣ ቶሎ ይይዝና ያዋርድሻል። በአንድ ጊዜ አፍስሺው፤ ለሁለት ከከፈልሽው መገናኛው መስመር ይሠራል። ካፈሰስሽ በኋላ ሙቀጫውን ጎን ጎኑን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጊው፣ አየሩ ይውጣ። ሲጠነክር ይሞቃል፤ አትደንግጪ፣ ግን እጅሽን ውስጡ አትክተቺ። የተረፈውን ደግሞ ባልዲ ውስጥ ተይው፤ መታጠቢያ ላይ ከደፋሽው ቧንቧው ይደፈንና ከአከራይሽ ጋር ትጣያለሽ።

በደንብ ሲጠነክር ሽቦውን ፍቺና ስንጥቁ ውስጥ ትንሽ ሽብልቅ አስገቢ። እንጨቱ ከፈት ይላል፣ ጄሶውም ይላቀቃል። በስንጥቁ የገባው ጄሶ ቀጭን ሆኖ ጎልቶ ይወጣል። ያንን በብርጭቆ ወረቀት እንዳታጠፊው! ለማስተካከል እጅሽ ይበላሻል፣ አውቅሻለሁ። ሙቀጫው መሰንጠቁም የታሪኩ አካል ነው። ቀለምም አትቀቢው፤ ነጭ ጄሶ ጥላ ሲያርፍበት ጉድጓዱን ሁሉ ያሳያል።

አጎትሽ ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ ስለሚመጣ ሙቀጫውን ይዞልሽ ይመጣል። ጄሶ ግን እዚያው ግዢ። አዲስና ያልተከፈተ መሆኑን እዪ፤ እርጥበት የነካው አይጠነክርም። እናትሽ ባዶ ዕቃ አይላክም ብላ ሙቀጫውን ሽሮና በሶ ሞልታዋለች። መጀመሪያ እሱን አውጪ።

አባትሽ
ከጎንደር