ቦርጭ የጥጋብ ምስክር አይደለም

ይድረስ ለክቡር አዘጋጁ፣

ስለ ባሕር ዳር ተማሪዎችና ስለ መጠጥ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በሁለተኛው የባሰ ተናደድኩ። «የሚጠጡት ወንዶች ተማሪዎች ወፈር ያሉ ስለሆኑ የምግብ እጥረት አለባቸው ማለት ያስቸግራል» የሚለው ዓረፍተ ነገር እንዴት ታትሞ ወጣ?

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አጠገብ ምግብ ቤት ከከፈትኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ዘጋቢያችሁ መጠጥ ቤት ለመጠጥ ቤት ዞሮ ባለቤቶቹን አነጋግሯል። ልጆቹን በየቀኑ የምናበላውን እኛን ግን አንድ ቃል አልጠየቀንም! ምሳውን የዘለለው፣ እራቱን በጠርሙስ የለወጠው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ከእኛ የዱቤ ደብተር ነው።

አንዱን ልንገራችሁ። አምና ምሳው ተጋቢኖ በሁለት እንጀራ ነበር። ዘንድሮ ከሰኞ እስከ ኀሙስ ስሙ ደብተሬ ላይ የለም። ዓርብ ረፋድ ላይ መጥቶ ሻይ ብቻ አዘዘ፤ ስኳሩን ሲያማስል እጁ እየተንቀጠቀጠ ማንኪያው ብርጭቆውን ይመታ ነበር። ፍርፍር ባቀርብለት ሁለቴ ጎርሶ ገፋው። የሸሚዙ ቁልፍ ግን ሆዱ ላይ አልገጥም ብሏል። ዘጋቢያችሁ ቢያየው «ተመችቶታል» ብሎ ይጽፍ ነበር።

እስኪ እናስላው። የአልኮል መጠኑ 5 ከመቶ የሆነ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል አልኮል አለው። አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ስኳር የሚሰጠው 4 ነው። አምስት ጠርሙስ የጠጣ ልጅ ከአልኮሉ ብቻ 450 ካሎሪ ያህል ያገኛል። ቦርጩ የሚመጣው ከዚህ ነው። ብረትና ቫይታሚን ሲ ግን ከጠርሙስ አይገኙም። መጠጥ ሲዘወተር ደግሞ አንጀት ቫይታሚን ቢ1ንና ፎሌት የተባለውን ሌላ ቫይታሚን በወጉ እንዳይመጥ ያውካል፤ ስለዚህ በማግስቱ የሚበላው ምስር እንኳ የሚገባውን ያህል አይጠቅመውም። ልጁ እየወፈረ ይጎዳል ማለት ነው። ይህን ያስረዳችኝ ነርሷ ልጄ ናት፤ ዘጋቢያችሁ አንድ የጤና ባለሙያ ቢጠይቅ ይነግረው ነበር።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ዘጋቢያችሁ በዞረባቸው ቤቶች ሁሉ መታወቂያ የጠየቀ ሻጭ አይቷል? ይህንንም አልጻፈም። አምና ሌሊት ራሱን የሳተ ተማሪ በባጃጅ ሐኪም ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ የሸጠለት ሰው አይደለም።

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ አውጡልን። ዘጋቢያችሁም ሰኞ ጠዋት ይምጣ፤ የልጆቹን ስም ሸፍኜ ደብተሩን አሳየዋለሁ።

ባለ ምግብ ቤቷ፣ ከባሕር ዳር