የካንሰር ምርምርን ለሚያስተዳድሩ ሠራተኞች የሙያ ዕድገት መሰላል ይዘርጋላቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ካንሰር በጋዜጣችሁም ሆነ በሌሎች መገናኛ ብዙኃን የሚወጡ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በሐኪሞች ቁጥር ማነስ፣ በመድኃኒት ዋጋና በጨረር ሕክምና ወረፋ ላይ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመቱ ከ77 ሺሕ በላይ ሰዎች በካንሰር እንደተያዙ፣ ከ51 ሺሕ በላይ ደግሞ እንደሞቱ አስቀምጧል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ግምት የሚቆምበት መረጃ በማን እጅ እንደሚሰበሰብ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ከምንጮቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ነው። ይህን መሰል መዝገብ በእግሩ የሚያቆሙት በየሆስፒታሉ ካርድ ክፍል እየተዘዋወሩ የታካሚ ካርድ የሚያገላብጡ፣ አንዲት ታካሚ በሁለት ተቋም ታክማ ሁለት ጊዜ እንዳትቆጠር የሚያጣሩ ሠራተኞች ናቸው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ እነርሱና ስለ መሰሎቻቸው፣ ማለትም ሐኪምም ተመራማሪም ሳይሆኑ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የካንሰር ምርምርን ስለሚያስተዳድሩ ሰዎች ነው። እኔም በሒሳብ ሙያ ተመርቄ በዚሁ ሥራ ላይ የቆየሁ ነኝ።

ለአንድ የጡት ካንሰር ጥናት ከውጭ ገንዘብ ተገኘ ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ተመራማሪው በማግስቱ ሥራ የሚጀምር ነው። ከዚያ በፊት ግን የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ቦርድ፣ እንደ ጥናቱ ዓይነትም ብሔራዊው የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ጥናቱን ማጽደቅ አለባቸው፤ አዲስ መድኃኒት የሚሞከር ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መፍቀድ፣ ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነም የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት መፈረም ይኖርበታል። በቅዝቃዜ ተጠብቆ መድረስ ያለበት የላቦራቶሪ ኬሚካል በጉምሩክ መጋዘን ሳይበላሽ መውጣት አለበት። በጀቱ በዶላር ይጻፋል፣ ደመወዙ በብር ይከፈላል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀደም ሲል በብር የተሠራ ስሌት ሁሉ እንደገና መሠራት ነበረበት። የዩኒቨርሲቲው የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፣ የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ዓመት በእነርሱ አቆጣጠር ኦክቶበር 1 ቀን፣ የፕሮጀክቱ ዓመት ደግሞ ውሉ በተፈረመበት ቀን ይጀምራል። ጳጉሜን የራሱ ደመወዝ የሌለው መሆኑን ለውጭ ኦዲተር በጽሑፍ ማስረዳትም ከዚሁ ሥራ ውስጥ ነው።

የካንሰር ጥናት ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ታካሚን ለዓመታት መከታተል ይጠይቃል። ከባሌ ገጠር ተነሥታ ለቀጠሮ አዲስ አበባ የምትመጣ እናት የትራንስፖርት ገንዘቧ ሊተካላት ይገባል፤ ይሁንና የተሳፈረችባቸው መኪኖች ሁሉ ደረሰኝ አይሰጡም። ደረሰኝ ካላመጣሽ አይከፈልሽም ብንላት በሚቀጥለው ቀጠሮ አትመጣም፣ እርስዋ ከቀረች ደግሞ የጥናቱ ውጤት ይጎድላል። ስለዚህ ርቀትን መሠረት ያደረገ የክፍያ ሠንጠረዥ አስቀድሞ አዘጋጅቶ በለጋሹም በዩኒቨርሲቲው ፋይናንስም ማስጸደቅ፣ ክፍያውን በጣት አሻራ ማስፈረም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ዕውቀት የሚያስተምር የዲግሪ መርሐ ግብር አላውቅም፤ ሰው የሚማረው ከእርሱ በፊት በወንበሩ ላይ ከነበረው ሰው ነው።

ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሄዷል። የዩኒቨርሲቲ መምህር ከረዳት ምሩቅ ተነሥቶ እስከ ፕሮፌሰርነት የሚወጣበት የታወቀ መንገድ አለው። የምርምር ፕሮጀክት አስተባባሪ ግን የሚቀጠረው ከፕሮጀክቱ ዕድሜ ጋር በሚያልቅ ውል ነው፤ ቋሚ ሠራተኛ ቢሆን እንኳ ከጠቅላላው የአስተዳደር ሠራተኛ ጋር በአንድ ደረጃ ተመዝኖ፣ የውጭ ገንዘብ ስምምነት የሚያስተዳድረውና የደብዳቤ ገቢና ወጪ የሚመዘግበው እምብዛም ሳይለያዩ ይቀመጣሉ። ሥራውን በሚገባ የለመደ ሰው በብዙ እጥፍ ደመወዝ ወደ ውጭ ግብረ ሰናይ ድርጅት ቢሄድ አይፈረድበትም። ቦታው ባዶ ሲሆንም ሥራው ወደ ተመራማሪው ይዞራል። የካንሰር ሐኪሞች ቁጥር ለሕዝባችን ብዛት እጅግ ጥቂት በሆነበት አገር፣ አንድ የካንሰር ስፔሻሊስት የግዢ መጠየቂያ ሲሞላና ደረሰኝ ሲለጥፍ ውሎ ማየት፣ ለእኔ ከማንኛውም የበጀት ጉድለት የከፋ ብክነት ነው።

በአሜሪካ ጉዳዩ በምን መልኩ እንደተያዘ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣውን የካንሰር ሕግ ተከትሎ የተስፋፉት፣ ዛሬ ከ70 በላይ የሆኑት በብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ዕውቅና የተሰጣቸው ማዕከላት ብዙዎቹ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ያሉ ናቸው። ኢንስቲትዩቱ ለእነዚህ ማዕከላት የሚሰጠው ዋና ድጋፍ የአስተዳደሩንም ወጪ ይሸፍናል፤ የአስተዳደር ኃላፊውም ከሳይንቲስቶቹ ጎን የማዕከሉ አመራር አባል ነው። እዚያ አንድ ሰው በፕሮጀክት ረዳትነት ጀምሮ በዚያው ሙያ እስከዚያ ወንበር ሊደርስ ይችላል። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች አቅም ከዚያ ጋር እንደማይወዳደር አላጣሁትም፤ አስተዳደሩ የሳይንሱ አካል ሆኖ መታየቱን መቅዳት ግን ያን ያህል ገንዘብ አይጠይቅም።

ጉዳዩን አጣዳፊ ያደረገው ሌላ ምክንያትም አለ። እስካሁን ዩኒቨርሲቲዎቻችን በአሜሪካ ገንዘብ የሚሠሩባቸው ብዙ የጤና ጥናቶች በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሥር በንዑስ ውል የሚመጡ ነበሩ፤ ከባዱን የሪፖርትና የሒሳብ ሥራ የሚሸከመውም የዚያው ዩኒቨርሲቲ ጽሕፈት ቤት ነበር። ኤን አይ ኤች በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የአሜሪካ የጤና ምርምር ተቋም ግን በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ይህን ዓይነት አዲስ የውጭ ንዑስ ውል እንደሚያቆምና የውጭ ተቋማት በቀጥታ ከእርሱ ጋር የሚዋዋሉበትን አሠራር እንደሚዘረጋ አስታውቋል። እንዲህ ከሆነ ሪፖርቱን በቀጥታ የምናቀርበውም፣ ለጉድለቱ በቀጥታ የምንጠየቀውም እኛው ነን። በአሜሪካ መንግሥት ዘንድ በዓመት አንዴ መታደስ ያለበት የተቋም ምዝገባ ስለተረሳ ብቻ ጥሩ ሐሳብ ያለው ተመራማሪ ማመልከቻውን ማስገባት ሊያቅተው ይችላል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው መልስ አለ። ኤን አይ ኤች ለውጭ አገር ተቀባዮች ለረጅም ዓመታት ሲፈቅድ የኖረው የአስተዳደር ወጪ ከመሣሪያ ግዢ ውጪ በቀጥታ ለጥናቱ ከሚውለው ወጪ 8 በመቶ ነው። በ100 ሺሕ ዶላር ላይ 8 ሺሕ ዶላር መሆኑ ነው፤ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚከፈለው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ቢሆንም፣ በብር ሲታሰብ ለአንድ ባለሙያ ደመወዝ የሚበቃ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ወደ ጠቅላላው ሒሳብ ይገባና ምርምሩን ለሚያስተዳድረው ክፍል ተመልሶ ሳይደርስ ይቀራል። ከዚህ ገንዘብ የተወሰነው ድርሻ በደንብ ተለይቶ ለቋሚ የምርምር አስተዳደር መደቦች ቢመደብ፣ የአንዱ ፕሮጀክት ማለቅ የአንዱን ሰው ልምድ ይዞ አይሄድም።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን አሁንም የቢሮ ሠራተኛ በዝቶባቸዋል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ እውነትም አለበት። ፊርማ ላይ ፊርማ ከመጨመር በቀር ሥራ የሌላቸው ክፍሎች አሉ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ክፍል እንዲከፈት ሳይሆን፣ ያሉት መደቦች በተጨባጭ ሥራቸው ተመዝነው ጀማሪ፣ ከፍተኛና ኃላፊ የሚል ደረጃ እንዲኖራቸው ነው። የደረጃ ዕድገቱም በአገልግሎት ዘመን ብቻ ሳይሆን በፈተናና በተጣራ ኦዲት ውጤት ይሁን። በምሥራቅ አፍሪካ የምርምር አስተዳዳሪዎች ማኅበር አለ፣ በደቡብ አፍሪካም ለሙያው ዕውቅና የሚሰጥ አሠራር ተዘርግቷል፤ ከባዶ መጀመር አይጠበቅብንም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የሠራተኛ አደረጃጀቱን ለመወሰን ከቀድሞው የሰፋ ሥልጣን አለው፤ ሌሎቹም በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄዬ በቅድሚያ ለዩኒቨርሲቲዎቹ የሥራ አመራር ቦርዶች፣ ራስ ገዝ ላልሆኑት ደግሞ ለትምህርት ሚኒስቴርና ለሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ነው። የካንሰር ጥናት የሚካሄድባቸው ኮሌጆች በመጪው የበጀት ዓመት ዕቅዳቸው ውስጥ ቢያንስ አንድ ቋሚ የምርምር አስተዳደር ባለሙያና አንድ ተተኪ እንዲይዙ፣ መደቡም ከፕሮጀክት ውል ተለይቶ እንዲመዘን ይወስኑ። ጋዜጣችሁም ጉዳዩን ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች አቅርቦ ምላሻቸውን ቢያስነብበን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የምርምር አስተዳደር ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ