የሆኪ ሊግ የነጥብ አሰጣጥ ይታረም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በበረዶ ላይ የሚካሄደው የሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ ሆኪ ሊግ ነጥብ የሚሰጥበት መንገድ የደረጃ ሰንጠረዡን ስለሚያዛባ ሊታረም ይገባል። በ60 ደቂቃ የተቋጨ ጨዋታ 2 ነጥብ ብቻ ሲያስገኝ፣ በአቻ ውጤት ወደ ተጨማሪ ሰዓት የተሻገረው ግን ተሸናፊውም 1 ነጥብ ስለሚያገኝ በድምሩ 3 ነጥብ ያከፋፍላል። ይህች ተጨማሪ ነጥብ ከማንም ሳትቀነስ የምትሰጥ በመሆኗ፣ አቻ የሆኑ ቡድኖች በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ከማጥቃት ይልቅ ከራሳቸው ግብ ጀርባ ፓኩን (እንደ ኳስ የሚያገለግለውን ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) እየተቀባበሉ ሰዓት ቢገፉ ያዋጣቸዋል።

ከዚህ የሚብሰው መለያ ምቱ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 2010 ፊላደልፊያ ፍላየርስና ኒው ዮርክ ሬንጀርስ በ82ኛውና በመጨረሻው ጨዋታቸው 1 ለ 1 ሆነው ወደ መለያ ምት አመሩ። የሬንጀርሱ ኦሊ ዮኪነን የመታውን የመጨረሻ ምት ግብ ጠባቂው ብራያን ቡሼ ሲያድነው፣ ፍላየርስ ወደ ጥሎ ማለፉ አልፎ እስከ ፍጻሜ ተጓዘ፤ ሬንጀርስ ግን በ1 ነጥብ ተበልጦ ቀረ። የወራት የቡድን ልፋት በአንድ ሰው ምት መወሰኑ ዛሬም ያሳዝነኛል። ሊጉ ራሱ እኮ በጥሎ ማለፉ መለያ ምትን አይቀበልም፤ ግብ እስኪቆጠር ድረስ ያጫውታል።

ስለዚህ ሊጉ ዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽንም ሆነ የሴቶቹ ፕሮፌሽናል ሊግ እንደሚሠሩበት፣ በመደበኛው ሰዓት ላሸነፈ 3፣ ከዚያ በኋላ ላሸነፈ 2፣ ከዚያ በኋላ ለተሸነፈ 1 ነጥብ ይስጥ፤ ከመለያ ምቱ በፊት ያለውንም የ5 ደቂቃ ተጨማሪ ሰዓት ወደ 10 ደቂቃ ያራዝም።