የሥነ ጥበብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ስድስት ኪሎ ያሳለፍነው ግማሽ ቀን

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስለ ክበባት በተነሣ ቁጥር «የሥነ ጥበቦች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ምን ትሠራላችሁ?» የሚል ጥያቄ ይቀርብልኛል። የስፖርት ክበብ ዋንጫ ያመጣል፤ ሚኒ ሚዲያው ጠዋት ጠዋት በሰልፍ ላይ ይሰማል፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የተከላቸው ችግኞች ከበሩ ጀምሮ ይታያሉ። የእኛ ሥራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ደብተር ውስጥ ተዘግቶ ስለሚቀር፣ ዘንድሮ ዘገባውን ከወትሮው ጥቂት አስረዝሜዋለሁ።

ክበቡ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቧል። ተጠሪና ጸሐፊ መርጠናል፤ ለዓድዋ በዓል የመድረኩን የጀርባ ሥዕል ሠርተናል፤ ለወላጆች ቀን የተሰቀለውን ጽሑፍም የጻፉት የእኛ ልጆች ናቸው። ስለ ስብሰባዎቹ ከዚህ በላይ የሚነገር ነገር የለም።

ሊነገር የሚገባው በየካቲት ወር ሠላሳ አራት ተማሪዎችን ይዘን ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያደረግነው ጉብኝት ነው። ሙዚየሙ የሚገኝበት ሕንፃ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት መሆኑን አብዛኞቹ አያውቁም ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ወቅት ባለሥልጣናት የተገደሉት በዚሁ ቤት ውስጥ እንደሆነና ንጉሠ ነገሥቱም ከዚያ በኋላ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲው እንደሰጡ ሲሰሙ፣ በር ላይ ሲንጫጫ የነበረው ቡድን ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከሕንፃው ፊት ለፊት ጣሊያኖች ያቆሙት ጠመዝማዛ ደረጃም አለ። እያንዳንዱ እርከን አንድ የፋሺስት አገዛዝ ዓመት እንዲቆጥር ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ አሁን ጫፉ ላይ አንድ አነስተኛ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ይህን ለማስረዳት እኔ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ብዙ ጠመኔ እጨርስ ነበር፤ ልጆቹ ግን አንበሳውን ቀና ብለው አይተው ሳቁና ገባቸው።

ከመነሣታችን በፊት አንድ ደንብ አውጥቼ ነበር። ማንም ሰው ክፍሉን ሁሉ እየዞረ አያይም፤ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዕቃ ወይም አንድ ሥዕል ብቻ መርጦ፣ መግለጫውን ሳያነብ፣ እርሳስና ወረቀት ይዞ ግማሽ ሰዓት ፊቱ ይቆማል። ያስጎበኙን ባለሙያም ሐሳቡን ወደዱት፤ ማብራሪያቸውን ወደ ኋላ አቆይተው «ምን ታያላችሁ?» እያሉ ብቻ ይጠይቁ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ማጉረምረም ነበር። አሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ ግን የሥዕለ አድኅኖው፣ ማለትም የቅዱሳን ሥዕሎቹ ክፍል ጸጥ አለ። አንዱ ልጅ በስቅለቱ ሥዕል ላይ ቅዱሳኑ በሙሉ ፊትና በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹ ግን በጎን ታይተው በአንድ ዓይን መሳላቸውን ማንም ሳይነግረው ደረሰበት። ሌላዋ እመቤታችን እጆቿን አነባብራ የያዘችው ምን እንደሆነ ጠየቀች። መሐረብ ነው። ባለሙያው ይህ አሣሣል ከሮም በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በኩል ከመጣ ሥዕል መነሻውን ወስዶ በእኛ ሠዓሊዎች እጅ የራሱን መልክ እንደያዘ አስረዱ፤ ልጅቷ ባትጠይቅ ኖሮ ያ ማብራሪያ በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣ እንደነበር አልጠራጠርም።

በክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳ ድምፅዋ የማይሰማ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አለችን። ከአንድ ትንሽ፣ በእንጨት ላይ ከተሳለ ተከፋች ሥዕል ፊት ቆማ ነበር። ወረቀቷን ጎንበስ ብዬ ሳየው ማርያምም መልአኩም የሉበትም፤ የሣለችው የሥዕሉን የታችኛውን ጠርዝ ብቻ፣ ቀለሙ ተፍቆ እንጨቱ የወጣበትን ቦታ ነው። «ዋናውን አልሳልሽውም እንዴ?» አልኳት። «ቲቸር፣ ዋናው እኮ ይኼ ነው። እዚህ ጋ ሰው ሁሉ ስሞታል፤ አሁን ግን መስታወት አለ፣ የሚስመው የለም» አለችኝ። ለሃያ ዓመት ያህል ሥዕል ሳስተምር ስለ ሥዕሉ እንጂ ስለ ተሳላሚው አስቤ አላውቅም ነበር። ምንም አልመለስኩላትም። ትንሽ ቆይቼ አዲስ ወረቀት ሰጠኋት።

ከዚያ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለፍን። ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕሎቹን ያዩ ወንዶች ልጆች «ይኼንንማ እኔም እሥለዋለሁ» ማለታቸው አልቀረም፤ በሚቀጥለው ረቡዕ ቀለም ሰጥቼ እንዲሞክሩ ባደርግ ሦስቱ ተስፋ ቆርጠው ተዉት፤ አንዱ ግን እስካሁን አልተወውም። ይበልጥ የገረማቸው የሠዓሊው የገብረ ክርስቶስ ታሪክ ነው፦ ሐረር ተወልዶ፣ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምሮ፣ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሮ፣ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ በስደት ያረፈው የዚህ ሰው አባት የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ካህን ነበሩ። ጠዋት ያዩትና ከሰዓት ያዩት በአንድ ቤት ውስጥ መገናኘቱን ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ያነሡት።

እዚህ ላይ ለትምህርት ቤታችን አስተዳደርና ለወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት አንድ ነገር ላስታውስ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከመመሥረቱ ከዓመታት በፊት፣ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ዘመን፣ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው በየትውልድ አካባቢያቸው ያለውን ባህልና ልማድ እየጻፉ በመጽሔታቸው ያሳትሙ ነበር። ማኅበሩ ዛሬ በእኛ ቋንቋ ክበብ የምንለው ነው።

ችግሮቻችንን በአጭሩ፦ ለግንቦት ያቀድነው ሁለተኛ ጉብኝት መኪና ባለመገኘቱ ቀርቷል፤ የመጀመሪያውንም የሄድነው በሁለት የከተማ አውቶቡስ ተከፋፍለን፣ ግማሾቻችን አርባ ደቂቃ ዘግይተን ነው። በቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር ካዘጋጀነው ዐውደ ርዕይ ውስጥ ሰባት ሥዕሎች በጣሪያው ፍሳሽ ተበላሽተዋል። የዓመቱ የክበቡ በጀት ሁለት ደርዘን እርሳስና አንድ ጥቅል ወረቀት ነበር፤ የእግር ኳስ ቡድናችን ማሊያ መቀየሩን ከልብ እደግፋለሁ፣ ብሩሾቻችን ግን ፀጉራቸው አልቆ እንጨታቸው ብቻ ቀርቷል።

ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ለሁለት ጉብኝት የሚሆን አንድ አውቶቡስ፣ ሃያ ብሩሽ፣ የውሃ ቀለምና የኮሪደሩን ጣሪያ ጥገና ነው። የተፋቀው ጠርዝ ሥዕል ከፍሳሹ ተርፎ አሁን ከቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ በስተግራ ተሰቅሏል፤ መስታወት የለውም።