ሾፌሩ ሳይቀመጥ ቱቦ አናጥፍም፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ስልካችን የሚጮኸው ለሥራ ሳይሆን ለወቀሳ ሆኗል። «ዋጋ ጨመራችሁ»፣ «መኪናዬን አግታችሁ ውድድር አሳለፋችሁኝ»፣ «ጋራዥ ናችሁ ወይስ ልብስ ሰፊ?» ተብለናል። መኪናቸው ለውድድር ያልደረሰላቸውን ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን አንቀይረውም። ለምን እንደሆነ በስልክ ከመከራከር በጽሑፍ ባስረዳ ይሻላል ብዬ ነው።

ውሳኔው ስለ ሮል ኬጅ ነው፤ መኪና ሲገለበጥ ሾፌሩን እንዲጠብቅ በውስጡ ስለሚበየደው የብረት ቱቦ አጥር። ሾፌሩ ራሱ፣ የሚወዳደርበትን ሄልሜት አድርጎ፣ በሚወዳደርበት ወንበር ላይ ቀበቶውን አጥብቆ ሳይቀመጥ የሮል ኬጅ ቱቦ አናጥፍም። ተቀምጦ ሲለካ በሄልሜቱና በአቅራቢያው ባለው ቱቦ መካከል ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ካልተገኘ ወንበሩ ዝቅ ይላል፤ ያ ካልተቻለ ሥራውን አንቀበልም። ወንድምን ወይም መካኒክን ልኮ «በእሱ ቁመት ለካው» ማለት ቀርቷል።

ቁጥሩን ከኪሳችን አላወጣነውም። የአሜሪካ የውድድር ክለቦች ጣሪያ በሌለው መኪና ላይ ከሾፌሩ ኋላ ካለው የኬጁ ቅስት እስከ ፊተኛው ቀጥ ያለ እንጨት አጋድመው ሄልሜቱ ከእንጨቱ በ2 ኢንች ዝቅ ማለቱን ያያሉ። ይኸው 5 ሳንቲሜትር ማለት ነው። ጣሪያ ያለው መኪናም ቢሆን የሰው አንገት ያው ነው። መኪና ሲገለበጥ ሾፌሩ በቀበቶው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ቀበቶው ይሳባል፣ አካሉ ከወንበሩ ይነሣል፣ መኪናው ቆሞ ሲለካ ሰፊ የነበረው ክፍተት በዚያች ቅጽበት ያልቃል። ከጎን ሲመታ ደግሞ ጭንቅላት ወደ በሩ ይወረወራል፤ ከበሩ በላይ የሚያልፈው ቱቦ እዚያው ነው ያለው።

«ስፖንጅ ጠቅልልበት» የሚለኝ አይጠፋም። የውኃ ቧንቧ የሚሸፈንበት ስፖንጅ በጣት ሲጫኑት እንኳን እስከ ብረቱ ይሰምጣል። ኤፍአይኤ የሚባለው ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ሄልሜት ሊነካው በሚችል ቦታ ላይ 8857-2001 የተባለውን ደረጃ ያሟላ ጠንካራ ሽፋን ያዛል። እሱም ውፍረት አለው፤ ያችኑ ክፍተት ይበላል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ቱቦውን ከጣሪያው ሦስት አራት ጣት አርቆ መትከል ለበያጅ ይመቻል፤ የብየዳ እጀታው በዙሪያው ይገባል። ያ ምቾት የሚገኘው ግን ከሾፌሩ ጭንቅላት በላይ ካለው ቦታ ተቀንሶ ነው። በኮሮላ ዲኤክስ ውስጥ ሄልሜት አድርጎ የተቀመጠ ረጅም ሰው የምለውን ያውቃል። ስለዚህ እኛ ቅስቱን ከጣሪያው ጋር እናስጠጋዋለን። ታዲያ እጀታው የማይገባበት የቱቦዎቹ መገጣጠሚያ የላይኛው ግማሽ በምን ይበየዳል? የኬጁ እግሮች የሚያርፉበትን ወለል በልኩ እንበሳለን፤ ሙሉውን ኬጅ በቀዳዳዎቹ ወደ ታች አውርደን ከላይ ዙሪያውን እንበይዳለን፤ መልሰን አንሥተን ከሥሩ ወፍራም ላሜራ እናስገባና እንዘጋለን። አንዳንዶቻችሁ ድንገት መጥታችሁ ወለሉ ተበስቶ ስታዩ «መኪናዬን ገደላችሁት!» ያላችሁት ይህንኑ ነው። መኪናው አልሞተም። በያጆቹ ግን በጀርባቸው ተኝተው ነው የሚሠሩት፤ ያ ጊዜ ደመወዝ ይከፈልበታል።

«አሁን ጨርሱልኝ፣ ወንበሩን በኋላ ዝቅ አደርገዋለሁ» የሚሉም አሉ። ወንበሩ ሲወርድ ትከሻም አብሮ ይወርዳል፤ የትከሻ ቀበቶው የሚታሰርበት አግዳሚ ቱቦ ግን ከተበየደበት አይነቃነቅም። ቀበቶው ከትከሻ ወደ ኋላ በትንሹ ማዘቅዘቅ ሲገባው ወደ ላይ የሚሳብ ከሆነ በግጭት ጊዜ ሾፌሩን አጥብቆ አይዝም።

ሌላ ቦታ በግማሽ ዋጋ እንደሚሠራ ሰምቻለሁ። በምን ብረት እንደሚሠራ ግን ጠይቁ። አባቴ በቃሊቲ በርና መስኮት ሲበይድ የኖረ ሰው ነው፤ እኔም እጄን የፈታሁት በእሱ ቱቦላሬ ላይ ስለሆነ ቱቦላሬን አልንቅም። ነገር ግን እሱ ተጠቅልሎ በስፌት የተበየደ ላሜራ ነው። የኤፍአይኤ ደንብ ለዋናው ቅስት የሚጠይቀው ስፌት የሌለው፣ 45 ሚሊሜትር ስፋት በ2.5 ሚሊሜትር የብረት ውፍረት፣ ወይም 50 በ2 የሆነ ቱቦ ነው። ይህ ከውጭ ይመጣል፤ የብየዳው ሽቦም እንዲሁ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አስመጪው ዋጋ የሚነግረን ለዛሬ ብቻ ነው፤ ለነገ ማሰብ የእኛ ፈንታ ሆኗል። ከጨመረው ላይ እኛ የተሸከምነውን ብዘረዝር ልመና ይመስላልና ትቼዋለሁ።

ቅድሚያ ክፍያቸውን የመለስንላቸው ደንበኞች አሉ። ከእነሱ መካከል ገና አንድ ሮል ኬጅ ሠርተን ሳንጨርስ አምነውን መኪናቸውን የሰጡን ይገኙበታል፤ የእነሱ ቅሬታ ከሁሉም በላይ ከብዶኛል። ቂም አልያዝንም፣ እናንተም አትያዙብን። ለቆዩት ደንበኞቻችን ክፍያውን በሁለት ጊዜ እንቀበላለን፤ መለካቱንም በነፃ አድርገነዋል፣ ሥራውን ለሌላ ብትሰጡት እንኳን።

ለመለካት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብትመጡ ይመቸናል። ሄልሜቱን፣ ወንበሩንና ቀበቶውን ይዛችሁ ኑ፤ ለውድድር የምታደርጉትን ጫማም አትርሱ፣ ወንበሩ ዝቅ ሲል እግራችሁ ፍሬኑ ላይ መድረሱን አብረን እናያለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለቤት